ደጅ የምትተኛው የልጅ ልጄ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ከከረምኩ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ አማትባለሁ፣ ከዚያ አነሳለሁ።

ልጄ ያለችው አይስላንድ ነው፤ ባሕር የከበበው የብርድ አገር። ከሰቆጣ አረብ አገር ለሥራ ወጥታ፣ በምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ሆኖ የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አግብታ ተከትላው ሄደች። እሷም ዓሣ በሚበለትበት ፋብሪካ ትሠራለች። አገሩ በዓሣ፣ በበግና አገር ሊያይ በሚመጣ እንግዳ ነው የሚኖረው ብትለኝ፣ በግ ካለማ ሰው አለበት ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

አንዴ በረዶ መሀል በሚጨስ ውኃ ውስጥ የተነከሩ ሰዎች በስልክ አሳየችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ "የየትኛው ታቦት ጸበል ነው?" አልኳት።

"እማ፣ ጸበል አይደለም። ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ ውኃ ነው። ቤታችንንም የሚያሞቀው እሱ ነው።"

"ታዲያ ማን አፈላው?" አልኳት። እስካሁን ጸበል ነው ባይ ነኝ።

አምና ሴት ልጅ ወለደች። ባልየው ሥራ ትቶ ቤት ዋለ ስትለኝ የታመመ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ እዚያ አገር አባትም ልጅ ሊያሳድግ የወራት ፈቃድ ይወስዳል! ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ፣ "እንግዲያ ላማችሽም ገንፎ ይገንፋለታ! ወንድ አራስ!" ብላ ገበያ ለገበያ አወራችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሳቄ ግን አልሰነበተም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጄ ደውላ በመስኮት ውጭውን ስታሳየኝ፣ በረዶው ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሟል።

"ማን ነው የረሳው?"

"አልተረሳም እማ። የልጅ ልጅሽ ተኝታበት ነው።"

ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል፤ ባገራችን ቋንቋ በኽምጣና ጮህኩባት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሳ ደጅ አትወጣም። ብርድ አለ፣ ምች አለ፣ የሰው ዓይን አለ። አራሷ ራሷ እንኳ ደጅ ብቅ ስትል ብረት ይዛ ነው።

"አግቢያት! አሁን አግቢያት!"

"እዚህ ሁሉም ልጁን ደጅ ያስተኛል። አማቴ ስድስት ልጅ እንዲህ ነው ያሳደገችው።"

"የእሷዎቹ የበረዶ ልጆች ናቸው! የኔዋ የዋግ ደም አለባት!"

ዘጋሁባት። ሦስት ቀን ስትደውል አላነሳሁም። እህል አልወርድልኝ አለ፤ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ ጋሪ ይመጣብኛል። ጎረቤቴ፣ "ልጅቷስ በብርድ አትሞትም፤ አንቺ ግን በኩርፊያ ልትሞቺ ነው" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን አማትቤ አነሳሁ። ስልኩ ላይ የታየችኝ ልጄ ሳትሆን አማቷ ናት፤ ፊቷ የቀላ፣ ወፍራም የሱፍ ሹራብ የለበሰች፣ የኔው እኩያ። ልጄ ከጎኗ ሆና ታስተረጉማለች።

"ምን ቢደረግ ልብሽ ያርፋል ትልሻለች።"

ልጅቷን አቅፋ አሳየችኝ። እስከ አፍንጫዋ በሱፍ ጠቅልለዋታል። ብርዱንስ ተዋግተውታል፤ የቀረው ዓይኑ ነው።

"ብረት ይሁንላት" አልኩ። "ከራስጌዋ።"

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"አትሳቂ፣ አስተርጉሚ!"

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ወጣ ብላ የበግ ጠጉር መሸለቻ መቀስ ይዛ ተመለሰች፤ አባቴ ይሸልትበት የነበረውን ቁርጥ የሚመስል። በጨርቅ ጠቅልላ ከጋሪው ፍራሽ ሥር ሸጎጠችውና የሆነ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"የራሷ አያትም እንዲህ ታደርግ ነበር ትላለች። በዓለት ውስጥ የሚኖሩ ስውር ሰዎች ልጇን እንዳይለውጡባት።"

"አየሽ?" አልኳት። "ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ ደጅ የሚያስተኙት!"

ማማተቤን ዛሬም አልተውኩም። ስልኩን እንዳነሳሁ ግን ከሰላምታ በፊት፣ "መቀሱስ?" እላለሁ። ልጄ ፍራሹን ገለጥ አድርጋ ታሳየኛለች። ልጅቷ ጉንጯ ቀልቶ፣ ትንፋሿ እየጨሰ ለጥ ብላለች። እኔ ሰቆጣ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ እሷ ጋቢዬን እከናነባለሁ።