የዳግም ትንሣኤ ወተት

ትናንት ማታ እራት ላይ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ገበያ ዳር ቆሞ ጀርባው ስለተላጠ አህያ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው ስለሚወሰዱ ዶሮዎች ይናገራል፤ ሥጋ መቀነስ ለጤናም ለኅሊናም ይበጃል ይላል። የወንድሜ ልጅ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ «ይህን ሰውዬ ለበዓል የሚጠራው የለም ማለት ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደክሞኝ ነበር። ይህን ሳቅ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ያኔ የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ ከአክስቴና ከባሏ ከመሪጌታ ጋር ነበር። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው፤ እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ በማታ ትምህርት ቤት ክፍልፋይ እማር ነበር። በግቢው ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ራሔል የምትባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች። ከሥራ ስትመለስ መጽሐፍ ታውሰኛለች፤ የጻፍሁትን ታርምልኛለች። ትምህርት ቤቴ እሷ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም፤ ማጋነን ደግሞ አልወድም።

ሥጋ አትበላም ነበር። በዐቢይ ጾም ይህን ማንም አላስተዋለም፤ እንዲያውም ሰፈሩ ጨዋነቷን ያመሰግን ነበር። ነገሩ የተበላሸው ፋሲካ ሲቃረብ ባቀረበችው ፕሮግራም ነው። ከሐሙሲት በሚመጡ አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ እግራቸው ታስሮ ፀሐይ የሚጠብሳቸውን በጎች አሳየችና፣ የዓመቱን ብዙውን ቀን ያለ ሥጋ መኖር የሚያውቅ ሕዝብ በዓል ሲደርስ በእንስሳት ላይ ለምን እንዲህ ይጨክናል ስትል ጠየቀች። ሰፈሩ «የበግ ጠበቃ» የሚል ስም አወጣላት።

ለፋሲካ ዶሮ ወጡን ይዤላት የገባሁ እኔ ነበርሁ። አመስግና መለሰችው። በሃምሳው ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ የፍስክ ምግብ መመለስ በእኛ ዘንድ ትንሣኤውን እንደ መካድ ነው። ጎረቤቱ ማጉረምረም ጀመረ። አክስቴም የዕድሯን ሴቶች ዓይን ማየት አቃተኝ ብላ፣ ወይ ትብላ ወይ ቤቱን ትልቀቅ አለች። ራሔል ከሄደች ትምህርቴም አብሯት እንደሚሄድ ገብቶኛል።

መሪጌታ ጠብ አይወዱም። የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱ ቤታችን ተሰብስቦ ሳለ ራሔልን አስጠሯት። የሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ከሐይቁም ነፋስ የሚባል አልነበረም።

«ልጄ፣ በሃምሳው አይጾምም» አሏት።

«አልጾምኩም፣ የኔታ። ጾም ለነፍሴ ነው፤ ይሄ ለነሱ ነው።»

«ለበጎቹ?»

«ለበጎቹ።»

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ በጎቹ ቤት ያከራዩሻ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሥተው ዝም አሰኙና ወተት እንዳመጣላት አዘዙኝ። ወተት የጠጣ ሰው ጾመ አይባልም፤ ሥጋ ለሆዷ አይስማማትም ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን አሉ። መውጫ መሥራታቸው ነበር። ወተትም የጥጃው ድርሻ ነው ብላ ከተወች እንደቆየች ግን አያውቁም፤ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ብርጭቆውን ስሰጣት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አክስቴ እፎይ ብላ ጨምሪላት አለችኝ። ሁለተኛውንም ጠጣች።

ሲመሻሽ ክፍሏ ገባሁ። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የቤት ሥራዬን ዘረጋሁ።

«ጥጃው ይቅር ይበለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ቤት መፈለግ ታክቶኛል።»

ከዚያ ክፍልፋዩን አረመችልኝ።

እስክትዛወር ድረስ ከእኛ ጋር ቆየች፤ እኔም ስምንተኛ ክፍልን ጨረስሁ። በፕሮግራሟ ስለ እንስሳት ዳግመኛ ስትናገር ግን አልሰማሁም።

እኔ ሥጋ አልተውሁም፤ በዓል ሲሆን እበላለሁ። ትክክል ነበረች አልነበረችም ብዬ አልከራከርም። የሚያደክመኝ ሌላ ነው። በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። መሪጌታ ደግ ነበሩ፤ አክስቴም ደግ ነበረች፤ ወተቱም የተቀዳላት በፍቅር ነው። የጠየቀችውን ጥያቄ ግን ያን ዕለት የመለሰላት የለም፤ ከዚያም ወዲያ።

ትናንት ማታ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሳህኖቹን እያነሣሁ ያን ወጣት ጋዜጠኛ አሰብሁት። ከሥራ ሲወጣ የማን ግቢ ይገባ ይሆን?