የየኔታ ራውተርና የጎደለችው ዜማ

የመስመር ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታከለ መሰላል፣ ጉጠትና የመሞከሪያ ስልክ አስረከቡኝና፣ «ሰማዩን ሳታይ ምሰሶ ላይ እንዳትወጣ» አሉኝ። ሌላ ትምህርት አልሰጡኝም። በዚያች ምክር መብረቅ ሳይነካኝ ጡረታ ደረስኩ።

ስልክ ስንዘረጋ ኖረን ኋላ ኢንተርኔት መጣ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልገባሁበት ቤት ጥቂት ነው። ስንቷ እናት ከልጇ በእኔ እጅ ተገናኝታለች። እኔ ግን ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው የሰው ራውተር ቀይ ሲያበራ ብቻ ነበር። ብቸኝነት ይከብዳል፤ ምን እደብቃለሁ።

ጡረታ ልወጣ አንድ ክረምት ሲቀረኝ የኔታ ጥበቡ አስጠሩኝ። ዲማ ገዳም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እግራቸው እምቢ ሲላቸው ከተማ ገብተው፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ሊሰልል ሲል ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ኮምፒውተርና ማይክ ገዙላቸው፤ የሚያውቁትን ዜማ ሁሉ ቀዱበት። ቅጂው ያለው እዚያች ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ በሦስት ከተማ ተበትነዋል። ፋይሉን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ በሚያካፍል ፕሮግራም፣ ቶረንት በሚሉት፣ ሊወስዱ ሞክረው እምቢ ብሏቸዋል።

«ልጆቼ ደጅ ቆመው ያንኳኳሉ አሉ፤ የሚከፍትላቸው ግን የለም» አሉኝ የኔታ።

«ራውተሩ ነው፣ የኔታ። የመጣውን እንግዳ ወዴት እንደሚያስገባ አያውቅም» አልኳቸው።

ራውተሩን የሸፈነውን ዳንቴል አነሳሁ፤ ያግለዋል። የራውተሩን ገጽ ከፈትኩና በመጀመሪያ ለኮምፒውተሩ የማይለወጥ አድራሻ ሰጠሁት፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ከዚያ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበትን የፖርት ቁጥር፣ ማለትም እንግዳው የሚገባበትን በር፣ ወደዚያ አድራሻ አዞርኩ። የሚላከውን መጠን ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጌ ገደብኩ፤ ልቅ ከተዉት የሚመጣውንም ያንቀዋል። ዋይፋዩንም ትቼ በገመድ አያያዝኩት።

የተያያዙት ሰዎች ቁጥር ከዜሮ ወደ አንድ ከፍ አለ። የኔታ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«መጡ?»

«አንዱ መጥቷል።»

«የትኛው ይሆን?»

«ስሙን አያሳይም፣ የኔታ።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ ጎራ ማለት ለመድኩ። እሳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያቺን ቁጥር ይጠብቃሉ። «ዛሬ ሁለት ናቸው» ይሉኛል፣ ጉባኤ ላይ ተማሪ እንደሚቆጥሩ። አንድ ቀን፣ «ሲመጡ ድምፅ ቢያሰሙ ምን አለበት?» አሉኝ።

ሥራው ግን አልገፋ አለ። ምክንያቱን አንድ ቀን በዓይኔ አየሁት። ሰማይ ሲያጉረመርም የኔታ ተነስተው ሶኬቱን ሁሉ ነቀሉ፤ የስልኩ ገመድ እንኳ አልቀረም። እኛ አገር በክረምት ይህን የማያደርግ ቤት የለም። ልጆቹ ማሽናቸውን የሚከፍቱት ከሰዓት ነው፤ ዝናቡም የሚመጣው ከሰዓት።

«እንዲህ ከነቀሉትማ መቼም አያልቅ። ይተዉት፣ የኔታ።»

«መብረቁስ?»

«ኧረ የኔታ! መብረቁ የእርስዎን ቤት ብሎ ነው የሚመጣው?» ብዬ ሳቅሁ።

«እንግዲህ አዋቂው አንተ ነህ» አሉና ተዉት።

በሳምንቱ መብረቁ በስልኩ መስመር ገባ። ራውተሩን አነደደው፤ በገመዱ አልፎ ኮምፒውተሩንም ጨረሰው። ስደርስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የኔታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ቃል አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ፋይሉ ያለበትን ዲስክ ተሸክሜ ጠጋኝ ቤት ሄድኩ። «በዚህስ ተስፋ አታድርግ» አለኝ ጠጋኙ።

ለሦስቱም ልጆች ደወልኩ። ሙሉውን የያዘ የለም። ሆኖም ፕሮግራሙ ለአንዱ አንዱን ቁራጭ፣ ለሌላው ሌላውን ነው የሚሰጠው። «እርስ በርሳችሁ ተያያዙና ክፍት ተዉት» አልኳቸው። ሦስት ቀን እየደወልኩ ተከታተልኩ። አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ ዜማው ተሰበሰበ። አንዲት ዜማ ብቻ ከሦስቱም ዘንድ ታጣች።

የትኛዋ እንደጎደለች ለየኔታ ነገርኳቸው።

«ስልክህን አምጣ» አሉኝ።

መቅጃውን ከፍቼ አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። ድምፃቸው እየተሰነጠቀ፣ እያረፉ፣ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። መሃል ላይ ሳል ይዟቸው ነበር።

«ሳሉን ቆርጬ ላውጣው?» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«ተወው። ልጆቹ ሳሌን ያውቁታል።»

እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ።

ለእናንተ በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ሁለተኛ ቅጂ ሳይኖር መስመር አትንኩ። እኔ ዘመኔን ሁሉ ሰማዩን ያየሁት ለራሴ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ገመዱን ሲነቅል ካያችሁ አትሳቁ፤ ወጥታችሁ ሰማዩን እዩ።