አውድማ ላይ ያረፈው አውሮፕላን

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ከወረታ ወጣ ብላ ያለችውን የከተማዋን የአውሮፕላን ማረፊያ መጠበቅ ነበር። ማረፊያ ልበላት እንጂ አንድ የተደለደለ መንደርደሪያ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍልና የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ፣ በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ቀይና ነጭ የጨርቅ እጅጌ ናት። ትንንሽ አውሮፕላኖች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ላሞች ግን በየቀኑ።

ሰው ፊት ድምፄ ስለማይወጣ፣ ተማሪ ሳለሁ መምህሩ ስሜን ሲጠራ "አቤት" የምትልልኝ ጓደኛዬ ነበረች። ስለዚህ ሥራውን ወደድኩት፤ ባዶ ሜዳ ሰው አናግሪ አይልም።

በሩዝ አጨዳ ሰሞን አንድ ጠዋት አለቃዬ ደወለ።

"ዛሬ እንግዶች በአውሮፕላን ይመጣሉ። ሜዳው ባዶ ካልሆነ አውሮፕላኑ ይመለሳል። እሱ ከተመለሰ አንቺም እናትሽ ቤት ትመለሻለሽ።"

ወጥቼ ሳይ መንደርደሪያው መሀል ሸራ ተነጥፎ፣ የተበራየ ሩዝ ተከምሮበታል። አንድ ሽማግሌ ገበሬና ሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው እህል ወደ ነፋስ የሚበትኑበትን የእንጨት አካፋ፣ ላይዳቸውን፣ ተደግፈው ቆመዋል። ትናንት ለስብሰባ ከተማ ስለዋልኩ ሲያበራዩ አላየኋቸውም።

"አባባ፣ አውሮፕላን ይመጣል" አልኩ።

"ምን አለች?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

"የሚመጣ አለ ነው የምትል።"

"ይምጣ! ለኛም ነፋሱ ይምጣልን።"

ጠጋ ብዬ ክምሩን እንዲያነሡ ለመንኳቸው። ሽማግሌው ተቆጡ።

"እህል ሳይነፍስ ከአውድማ ይነሣል? እብቁን ጎተራ ላስገባው?"

"ግን ለምን እዚህ?"

"እንዲህ የተደለደለ አውድማ የት ይገኛል? ደግሞ ያቺ እጅጌ ነፋሱ በየት በኩል እንዳለ ትነግረናለች። መንግሥት ለገበሬ ከሠራው ሁሉ እሷን ወድጃለሁ።"

እጅጌዋ ያን ጠዋት እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥላለች።

ከጣራ ገዳም ተራራ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። አለቃዬም ሙሉ ልብስ ከለበሱ ሹማምንት ጋር ደርሶ ከሜዳው ጫፍ ቆመ። ክምሩን ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አውሮፕላኑ አንዴ ዞረን። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ።

"ጠርዙም አውድማ ነው! ሸራውን ጎትቱ!"

ሽማግሌው ላይዳቸውን ጣሉ። አራታችንም ሸራውን እየጎተትን ከነክምሩ ወደ ጠርዙ አወጣነው።

"ይህን የመሰለ ድምፅ እያለሽ" አሉኝ እያለከለኩ፣ "ምነው ቀድሞ እንደ ትንኝ ታንሾካሹኪ?"

አውሮፕላኑ አረፈ። እየተንከባለለ እኛን አለፈና ሊቆም ሲዞር ጭራው ወደኛ ሆነ። የሞተሩ ነፋስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ወሰደው።

"ነፋስ!" ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

አባትና ልጆች ላይዳቸውን አንሥተው ሩዙን ወደ ላይ ይወረውሩ ጀመር። ሩዙ ሸራው ላይ፣ እብቁ ሹማምንቱ ላይ። እንግዶቹ ሲወርዱ የተቀበሏቸው ቅንድባቸው ሳይቀር ገለባ የለበሱ ሰዎች ነበሩ።

አለቃዬ ከአንገቱ ሥር እብቅ እያወጣ መጣ።

"ያ ጩኸት ያንቺ ነው?"

አንገቴን ደፋሁ።

"ጥሩ ነው። ነገም ሥራ ግቢ።"

ሽማግሌው ግን እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ መቼ ነው ተመልሶ የሚነሣ? ግማሹ ሳይነፍስ ቀርቶኛል።"

የሞተሩ ነፋስ ቢደክምም ጩኸቱ ገና ስላልጠፋ፣ አብራሪውን ጮክ ብዬ ጠየቅሁላቸው።