ባለቤት የሌለውን ድምፅ ይዤ ወደ እሪ በከንቱ

ከስድስት ኪሎ

ከቤቴ እስከ እሪ በከንቱ ያለውን መንገድ ጉዞ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ ነኝ። የወጣሁት አንዲት እናት ፍለጋ ነው። ስለ ድሮው የእሪ በከንቱ ሰፈር የሠራሁትን ቪዲዮ ሰምተው፣ ተራኪው ወንድማቸው ተፈራ ነው ብለዋል። ተፈራ ከዓመታት በፊት በሄደበት አገር ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው ነው። መልእክቱን የላኩልኝ ጎረቤታቸው ባለሱቁ ጋሽ ኑረዲን ናቸው፦ «ሰውየው የት ነው የሚኖረው? እህቱ እየፈለጉት ነው።»

ሰውየው የትም አይኖርም። ከሰፈሩ አዛውንቶች የሰማሁትን አንድ ሰው «እዚህ ነው ያደግሁት» እያለ እንዲተርከው አድርጌ ጻፍኩት፤ ድምፁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠራሁት። ይህንኑም ከቪዲዮው ሥር ጽፌ አስታውቄያለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ታክሲ ውስጥ እስከ አራት ኪሎ ይህንን ሳብሰለስል ሄድኩ።

ፒያሳ

ፒያሳ ስወርድ ጭራሽ ግራ ገባኝ። የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ጠፋኝ። ልቤን ላረጋጋ ማኪያቶ ጠጣሁ። ከታክሲው ሒሳብ በላይ አስከፈሉኝ፣ ልቤም አልተረጋጋም። ከዚያ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።

እሪ በከንቱ

ድምፁ የሰው አለመሆኑን ስነግራቸው፣ ጋሽ ኑረዲን ስኳር እየመዘኑ ሲሰሙኝ ቆዩና ሚዛኑን ተዉት።

«እማማ አስካለ እኮ የወንድማቸውን ሙት ዓመት ዘንድሮ አስቀርተዋል። በሕይወት ላለ ሰው ሙት ዓመት ይወጣለታል ወይ ብለው!»

«አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ብቻህን? በጠራራ ፀሐይ? ይሄ መርዶ ነው ወንድሜ! ነገ ማለዳ ና፤ ጎረቤቱን ይዘን እንገባለን።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን ካዘቀዘቁ ጎረቤቶች ጋር ገባን። እማማ አስካለ ገና ሲያዩን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሁሉም እኔን አየ። ምን ልበል? ሞተ እንዳልል፣ ያ ድምፅ መቼ ኖሮ ያውቃል?

«እማማ፣ ድምፁ የተፈራ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የማንም አይደለም። ኮምፒውተር ነው የሚናገረው። ከሥሩ ጽፌ ነበር…»

«ማንም ሳይሆን ነው ‹እዚህ ነው ያደግሁት› የሚለኝ? እኔ ማንበብ አልችል! የሰማሁት በጆሮዬ ነው። በጆሮዬ አትነግረኝም ነበር?»

አለቀሱ። ጎረቤቱም አብሮ አለቀሰ፤ ለተፈራ ይሁን ለዚያ ድምፅ አላወቅሁም። እኔም አለቀስኩ፣ አፈርኩም።

ቤት

ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ቤቴ እንደገባሁ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት አነሳሁና መግቢያው ላይ በራሴ ድምፅ «ተራኪው ሰው አይደለም፤ ቀጥሎ የምትሰሙት ድምፅ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ብዬ ጨምሬ መልሼ ለቀቅሁት። በጆሮው ለሚሰማ ሰው በጽሑፍ ማስታወቅ አለማስታወቅ ነው፤ ከጉዞዬ የተማርኩት ይኼንን ነው። ቢያንስ የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ እማማ አስካለ በጋሽ ኑረዲን ስልክ ደወሉ።

«ሰማሁት ልጄ። መጀመሪያ ላይ የሚናገረው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«በምን አውቃለሁ?»

ልምልላቸው ስል ቀደሙኝ።

«ለተፈራ ሙት ዓመት ና» አሉኝ። «ፊትህን እያየሁ ትነግረኛለህ።»