እናቱን ዳቦ የነሳ ጋጋሪ

የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ እህል የሚባል ነገር አፉ ካላስገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነገሩን ያመጣው ጉልበቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሞ ጉልበቱ አላስቀምጥ አላስቆም ሲለው፣ ስልኩ ላይ አንድ ጡንቸኛ ሰውዬ የጥንት ሰው ዋሻ ውስጥ ሲኖር ሥጋና ሥራ ሥር እንጂ እህል እንደማያውቅ ሲያስረዳ ሰማ። ሞከረው። መቼም ሐቁን መደበቅ አይቻልም፤ በሦስት ወር ቦርጩ ጠፋ፣ ጉልበቱ ተሻለው፣ ከምሳ በኋላ ማንጎላጀቱም ቀረ። የሥራ ጓደኞቹ «ዋሻው» የሚል ስም ቢያወጡለት ጭራሽ ወደደው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ማን ይጠላው ነበር? ግን እሱን ያዳነው ነገር ዓለሙን ሁሉ የሚያድን የሚመስለው ሰው አለ፤ ከእንዲህ ያለው ሰው ይሰውራችሁ። ጠዋት ለመንደሩ ዳቦ ይጋግራል፣ እያንዳንዱ ላይ በምላጩ ሁለት ጭረት ያሳርፋል፤ ቤቱ ሲገባ ዱቄት መርዝ ነው እያለ ይሰብካል። ሚስቱ መሄጃ ነበራትና ጓዟን ጠቅልላ ሄደች።

እናቱ ግን ወዴት ይሂዱ? ሰማንያን አልፈዋል፤ ጥርስ የሚባል የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ በሻይ እየነከሩ የኖሩ ሴት፣ አሁን የተፈጨ ሥጋና የተቀቀለ ካሮት ይቀርብላቸው ጀመር። ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ጋዋኑን ተቀብለው ፊታቸው ላይ ያስጠጉታል። እሱ የናፈቁት እየመሰለው ደስ ይለዋል። ጋዋኑ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር።

ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ጋጋሪውን ለብቻው ጠርቶ፣ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነውና ያማራቸውን ይብሉ አለው። ጋጋሪው የሐኪሙን ቦርጭ ቦርጩን እያየ ሰማና፣ የራሱን ሆድ ያልቻለ ምን ሊያስተምረኝ ነው ብሎ ወጣ።

ቤት እንደገቡ እናቱ አልጋቸው ላይ ሆነው ለመኑት።

«ጫፏን ብቻ፣ ልጄ። አንተ የጋገርካትን።»

«እማዬ፣ እኔ የምለፋው አንቺን ለማዳን ነው።»

እሺ ቢሉትም አላመናቸውም። እንዲምሉለት ጠየቀ።

«ዳቦ ብበላ ልጄን ይንሳኝ በይ።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩት።

«አንተን ይንሳኝ» አሉ።

እህቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ይህን መሐላ አላወቀችም። ወንድሟ ከምድጃው ጋር ሲታገል ከዳቦ ቤቱ የፊት መሸጫ አንድ ዳቦ ትገዛና፣ ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ለእናቷ ታቀብላለች፤ እሱ ሳይመጣ እንዲበሉት አጥብቃ ትነግራቸዋለች። በሳምንቱ ስትጠይቃቸው፣ በላሁት፣ ጣፈጠኝ፣ ተባረኪ ይሏታል። እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች። በአምስተኛው ሳምንት፣ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆነው ሞቱ።

ከቀብር በኋላ ጋጋሪው አልጋቸውን ሲያነሳ ትራሱ ከበደው። የትራሱን ልብስ ፈትቶ ቢገለብጠው ድንጋይ የመሰሉ ዳቦዎች ወለሉ ላይ ተንኳኩ። ሁሉም ላይ ሁለት ጭረት አለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም፤ ደስ አለው። እህቱን ጠርቶ አንዱን ዳቦ አፍንጫዋ ሥር ደቀነው።

«ይኸው፣ ምን ብዬ ነበር? የገደላት ይሄ ነው።»

እህቱ ተቀብላ አገላበጠችው። ከወለሉ ሌላውን አነሳች፣ ከዚያም ሌላውን።

«አልተቆረሰም እኮ» አለች። «አንዱንም አልነካችውም። በላሁት ብላኝ ነበር። ለምንድነው ያልበላችው?»

ለምን እንደሆነ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ጉልበቱን ምንም አላመመውም።