የፓርመን ቤት ቅላፄ

በኛ ሸለቆ፣ በጉሪያ፣ ዘፈን የሦስት ሰው ነው። አንዱ ቃሉን ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ከሥር እንደ መሠረት ድንጋይ ይሸከመዋል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ በላይ ወጥቶ፣ ጎህ ሲቀድ እንደሚጮህ አውራ ዶሮ፣ ቃል የሌለው ድምፅ እየሰባበረ ያወጣል። እኔ ገሮንቲ ከሥር ነኝ። ከላይ የሚወጣው ጎረቤቴ ፓርመን ነው።

ይህ የላይኛው ድምፅ በየቤቱ የራሱ ቅላፄ አለው። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ አጥር አይዘልም። የሰው ቅላፄ መውሰድ የሰው ሚስት ከመውሰድ ብዙም አያንስም። ፓርመን አንድ ሰርግ ላይ ቅላፄዬን ሰረቀኝ ብሎ ከሚስቱ ወንድም ጋር ተኳረፈ፤ የታረቁትም ሰውየው አስከሬን ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

እግዜር ለፓርመን ወንድ ልጅ አልሰጠውም። ስለዚህ ለአንዲቷ ልጁ ለታምታ አስተማራት። ሰው ሳቀ። “ፓርመን ቄቧን አውራ ሊያደርጋት ነው” አሉ። አሮጌው መንግሥት ሲወድቅ ባለቤት አጥቶ ጫካ በሆነው የሻይ ማሳ ውስጥ፣ አባትና ልጅ ጠዋት ጠዋት ሲዘፍኑ ግን ላም የምታልበውም እጇን ከጡቱ ላይ አንስታ ታዳምጥ ነበር። ድምፁ ጤዛ ያለበት ይመስል ነበር።

ታምታ አድጋ ዋና ከተማው ተብሊሲ ገባች፤ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ፓርመን እዚህ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። ደሞዙ ከማዘጋጃ ቤት ነው። የኛን ኑሮ ታውቁታላችሁ፦ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው በር ያንኳኳል፣ ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል፣ ከዚያ በቤታችሁ ስንት ሰው እንደሚመርጥ ይጠይቃል። ፓርመን ዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው።

ያን ዓመት ብርዱን ሙሉ ወጣቶቹ መንግሥትን ተቃውመው በዋና ከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሙ። በጸደይ ላይ፣ እኔና ፓርመን መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ጎደርዚ መጣ። ጎደርዚ በመንደራችን የገዢው ፓርቲ ሰው ነው፤ ዓይናችን ሥር ያደገ፣ አክስቱን የቀበርንለት። ስልኩን አወጣ።

“ጋሼ ፓርመን፣ ይቺን ስማማ።”

ጭስ፣ ሕዝብ፣ ጩኸት። አንድ ፊቱ እስከ ዓይኑ የተሸፈነ፣ መነጽርና ጓንት ያደረገ ሰው ይታያል። ሰዉ ይዘፍናል። ከዚያ ከጭሱ በላይ የላይኛው ድምፅ ወጣ፤ የፓርመን ቤት ቅላፄ። እኔ የታችኛውን ለመያዝ ሳላስበው አፌ ተከፈተ፤ ቶሎ ዘጋሁት።

ታምታ ሁሉን አስባ ነበር። ፊቷን ሸፈነች፣ ጸጉሯን ደበቀች፣ የማትታወቅበትን ጃኬት ተዋሰች። ግን የጉሪያ ልጅ ናት። ሰው ሁሉ ሲዘፍን የላይኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር አልቻለችም። ባዶ ወንበር አይታ ሄዳ ተቀመጠችበት።

*ፊትሽን ብትሸፍኚ ድምፅሽ አጋለጠሽ፣*
*ለጉሮሮሽ ደግሞ ምን ሻሽ ላስርልሽ።*

“ጉንፋን የያዘው ሰው ነው” አለ ፓርመን።

“ጉንፋን?” አለ ጎደርዚ። “ልጅ ሆኜ አጥርህ ሥር ተቀምጬ ስሰማው ነው ያደግሁት። ጆሮ አለኝ እኮ።”

“ጆሮማ አህያም አለው” አልኩት።

“ጋሽ ገሮንቲ፣ ቀልዱን ተወው። በዚያ ቀን ፖሊስ ተፈንክቷል። እዚያ የነበረውን ሁሉ እየለቀሙ ነው፤ ዓመታት ነው የሚፈርዱበት። ፊቱን አላወቁትም። ድምፁ ግን የጉሪያ ነው ብለው ለኔ ላኩት። አላውቅም አልኩ። ለጊዮርጊስ ከወረዳ ይመጣሉ፤ እንዲህ የሚዘፍነው የማን ቤት እንደሆነ በጆሯቸው ሊሰሙ።” ወደ ፓርመን ጎንበስ አለ። “ብቻህን ከዘፈንከው አለቀ። ዝም ካልክም፣ ይሄ ሰው ምን ነካው ይላሉ።”

“ለምን ትነግረኛለህ?”

“ምን ነገርኩህ? እኔ የመጣሁት ስለ ልጆቹ ማሞቂያ ነው።” ስልኩን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ፓርመን በስልክ ሊነግራት አልደፈረም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። “ጉሮሮሽን ጠብቂ፣ ብርድ ነው” አላት። “አባዬ፣ ሞቋል እኮ።” “ቢሞቅም ጠብቂ።” “እሺ” አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓርመን ልብሱን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። አባቱም በአሮጌው መንግሥት ዘመን እንዲሁ ነበር፤ ጓደኛው በአንድ ሰርግ ላይ በዘፈነው ዘፈን ተወስዶ ስላልተመለሰ። መንግሥቱ ሄደ፣ ሐውልቱ ፈረሰ፣ ፍርሃቱ ግን ከነቁልፉ ለልጅ ወረደ። በመንገድ መኪና ሲያዘግም ሁለታችንም ጨዋታ እናቆማለን። ማን እንደሆነ ሳናይ አንጀምርም።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ። የበቆሎ ማሳ እየዞረ፣ ወፍጮ ቤት እየገባ፣ ቅላፄውን ለሰው ያስተምር ጀመር።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጺጺኖ እጇ ሊጥ እንደሆነ አፈጠጠችበት። “ፓርመን፣ አመመህ? በአጥርህ ስናልፍ አፍህን የምትገጥም ሰውዬ?”

“ውሰጂው። ሁሉም ከያዘው የማን እንደሆነ አይለይም።”

“ብወስደው እኔን ይወስዱኛላ። ልጄ አስተማሪ ናት፤ ኮንትራቷ በሰኔ ያልቃል። ያንተ ልጅ ልጅ ናት፣ የኔ ምን ናት? ቂጣ?”

ቢሆንም ዘፈነላት፤ እስከ መጨረሻዋ የድምፅ ስብራት፣ አባቱ ተደብቆ ብቻ ያወጣት የነበረችውን። ከዚያ አመስግኖ ወጣ። ወደ ሥጋ ሻጩ ሄደ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ሁሉም ሰማው፤ እሺ ያለው ግን አልነበረም።

የጊዮርጊስ ዕለት ጠረጴዛው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተዘረጋ። ከወረዳ የመጡት ሁለት ናቸው፤ ጫማቸው ለጭቃችን የማይሆን። ጎደርዚ መሀላቸው ተቀምጧል። አይቡ ተቆረሰ፣ ወይኑ ተቀዳ፣ ለሙታን ተጠጣ፣ ለእናቶች ተጠጣ። ከዚያ አንደኛው ፈገግ ብሎ “እስቲ የጉሪያን ዘፈን አሰሙን” አለ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው።

ከሦስታችን ቃሉን የሚይዘው ቤሲክ ጀመረ። እኔ ከሥር ያዝኩ። የፓርመን ቦታ ደረሰ። አፉ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ፊቱ እንደ ሰም ነጣ። ያን ድምፅ ይዞ ሽማግሌ የሆነው ሰው ድምፁን ፍርሃት በልቶበት ቀረ። ዘፈኑ ጣሪያ እንደሌለው ቤት ሆነ፤ የወረዳው ሰው አንገቱን ቀና አደረገ።

በዚያ ጊዜ ከዳቦው ቅርጫት ጀርባ አንድ ድምፅ ወጣ። የምትባረር ዶሮ ይመስላል፤ ግን የፓርመን ቤት ቅላፄ ነው። ጺጺኖ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የሳቀ ሰው አለ። ከዚያ የሳቀው ራሱ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ወፍራም አንገቱን ዘርግቶ ያዘው። አስተማሪዋ ልጇ እናቷን አይታ ገባች። ከዚያ ከየጠረጴዛው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አስቀያሚ፣ የተንጋደደ፣ አርባ አውራ ዶሮ ባንድ ቆጥ ላይ። መጨረሻ ላይ ፓርመን ገባበት፣ በሹክሹክታ፤ ከሁሉ ማን እሱ እንደሆነ እኔም አጠገቡ ሆኜ ለየሁት አልልም።

የወረዳው ሰው ወደ ጎደርዚ ዞረ። “የማን ቤት ነው ይሄ?”

ጎደርዚ ብርጭቆውን እስኪጨርስ ጠጣ። “እንደምትሰማው ነው። የሸለቆው ነው።”

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?”

“ከድሮም” አለ። ሌላ ሊቀዳ ሲል ወይኑ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰበት።

ሰዎቹ የማንንም ስም ሳይዙ ሄዱ። አበቃ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ታምታ እስካሁን ወደ መንደር አልመጣችም፤ አባቷም ነይ አይላትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፓርመን መጀመሪያ ስሟን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚተነፍሰው።

ትናንት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ነበርን። ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ቅላፄውን እየጮኹ ይሯሯጣሉ፤ የመጨረሻዋን ስብራት ውጠዋታል፣ መካከሉንም አጣመውታል። የፓርመን ከንፈር ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር። ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ተሳስተዋል እኮ፤ ለምን አታርማቸውም?” አልኩት።

“ተዋቸው” አለኝ ወደ መንገዱ እያየ። “ካረምኳቸው እሷን ይመስላሉ።”