ፊቴን አላስነካም

የጥምቀት ማግሥት ነው። የወንድሜ ልጅ ትዕግሥት ከምትሠራበት ከደብረ ብርሃን ሞላሌ ድረስ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ መስተዋት ፊት ተቀመጠች። የገብስ ቂጣ በአዋዜ ለውሼ ይዤላት ስገባ ከቦርሳዋ አንዲት ዕቃ አወጣች። እጀታዋ የጢም መላጫ ታህላለች። ጫፏ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ አለ፤ ተሽከርካሪው ዙሪያውን ጥቃቅን መርፌ በቅሎበታል። ጉንጯ ላይ ልታስኬደው ስትል ሳህኑን ጥዬ እጇን ያዝኩ። ቂጣው ለድመቷ ሆነ።

ትዕግሥት እናቷ ቀድማ ስለሞተች እኔው ነኝ ያሳደግኋት፤ እቴቴ ትለኛለች፣ አንቱታም በመካከላችን የለም። ስለዚህ ቁጣዋን አልደበቀችኝም። ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ብጉር ጉንጯን በልቶባት ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጎታል፤ አሁንም ገና እየወጣባት ነው። ማይክሮኒድሊንግ ይሉታል አለችኝ። አንዲት የውበት ሳሎን ያላት ሴት በማሽን ልትሠራላት ቀጠሮ ይዛላታለች፤ እስከዚያ በዚህች በትንሿ ዕቃ እቤቷ ሆና ቆዳዋን ታለማምዳለች። እንደ ጉድ ስመለከታት ጊዜ፣ “እቴቴ፣ ቆዳው ሲወጋ ደም ይጠራል፣ ራሱን በራሱ ይሞላል” ብላ አስረዳችኝ።

እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። ይህንኑ ቃል፣ ደም ይጠራል የሚለውን እንኳ ሳይቀር፣ ትዕግሥት ከመወለዷ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔም መርፌ ነበረ፣ ያኔም ሰርግ ነበረ፣ የተፈለገውም ፊት የእኔ ነበር።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ከሞላሌ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ፣ የማጨጃው ቀን እስኪደርስ ሣሩ ከሚከለከልበት ከጓሳ አፋፍ ሥር ባለ መንደር ነው። ብርዱን የማያውቅ ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሜዳው ላይ ተነጥፎ ያድራል፤ የበግ ጠጉር ባና ለብሰን እሳት ከበን ቆሎ እንቆረጥማለን። እኔ እድሜዬ ለጋብቻ ደርሶ፣ እንዲያውም በአገሩ ልማድ ትንሽ ዘግይቼ፣ ፊቴን ብጉር ወረሰው። ቅቤ ቀቡኝ፣ እሬት ቀቡኝ፣ ጠበል ወሰዱኝ። የማይመክር አልነበረም፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነውና ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል። እኔም እጄ አያርፍም፣ አፈርጠው ነበር። ብጉሩ ሲሄድ ጉድጓዱን ትቶልኝ ሄደ።

ታጭቼ ነበር። ግርማ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ፣ በግ በብዛት ያለው የደህና ቤት ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ የተሰጠሁት ቢሆንም አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ። ወፍጮ ቤት ስንገናኝ የእኔን ጆንያ ቀድሞ ያነሣልኝና ፈገግ ይላል። ያን ፈገግታ እያሰብኩ ዳገቱን ስወጣ ዱቄቱ አይከብደኝም ነበር።

እዚህ ላይ የቤተሰባችንን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእኛ ዘር ሥጋ ቁስል ቻል አድርጎ አያልፍም። ለሌላው ሰው ጠባሳ ድኖ ይተኛል፤ ለእኛ ከቁስሉ አልፎ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ እየጠነከረ ያድጋል። እናቴ ልጅ ሆና ደረቷን የፈላ ውኃ ነክቷት፣ ቦታው እንደ ገመድ ተጎንጉኖ ቀርቷል። አክስቴ ትከሻዋ ላይ የወጣውን በምላጭ አስቆርጣው ነበር፤ በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። እኔም በሕፃንነቴ ጆሮዬ ሲበሳ፣ ጉትቻው ይንጠልጠልበት የተባለው ቦታ በሁለቱም በኩል ባቄላ ባቄላ የሚያህል እብጠት አበቀለ። ስለዚህ ሻሼን ዝቅ አድርጌ ነው የማስረው። ከቤተሰብ በቀር ጆሮዬን ያየ ሰው አልነበረም።

የገና በዓል እንዳለፈ የግርማ እናት፣ እመት በላይነሽ፣ ቤታችን መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ በገበያ በገበያው እየዞረች ሴቱን ሁሉ የምትነቅስ አንዲት ነቃሽ አስከትለዋል። ጠላ ቀረበ። እመት በላይነሽ አንድ ሁለት ተጎንጭተው ፊቴን በሰው ፊት ልክ እንደ ገበያ በግ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ለእናቴ ነገሯት፤ ልጁ የሚያገባት በአገር ፊት ነው፣ ይህ ጉድጓድ መታየት የለበትም፣ ነቃሿ ጉንጯንና ግንባሯን ትወጋላት፣ ሲወጋ ደም ይጠራል፣ ሥጋው ይሞላል፣ የቀረውን ንቅሳቱ ይሸፍነዋል። ነቃሿ ይህ ሲነገር መርፌዎቿን በክር አንድ ላይ አስራ፣ ከኩራዝ የጠረገችውን ጥላሸት በስኒ ትበጠብጥ ነበር።

እናቴን አየኋት። እናቴ ደረቷ ላይ ያለውን የምታውቅ ሴት ናት፤ ግን መሬት መሬቱን ታያለች። ጋብቻው እንዳይፈርስ ፈርታለች። አልፈርድባትም፤ ያን ዕለት ግን በጣም ተናድጄባት ነበር። ማንም አይናገርልኝም ማለት ነው ብዬ ተነሣሁና ሻሼን ፈታሁት። ጆሮዬን አዙሬ ለእመት በላይነሽ አሳየኋቸው፣ በጣቴም አንዱን እብጠት ይዤ አወዛወዝኩት። አንድ መርፌ አንድ ጊዜ ገብታ የሠራችው ይህ ነው፣ ነቃሿ ፊቴን ስንት ጊዜ ልትወጋው ነው አልኳቸው።

እሳቸው አልደነገጡም። ጆሮ ሌላ፣ ፊት ሌላ አሉ። ነቃሿም የእኔ እጅ አያሳብጥም ብላ ፎከረች። በመጨረሻ እኔው መላ አመጣሁ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ። እዚህ ላይ ውጉ፣ እስከ ፋሲካ እንየው፣ ክንዴ ደህና ከሆነ ፊቴን እሰጣለሁ አልኩ። እናቴ ተነፈሰች። ነቃሿ ከትከሻዬ ዝቅ ብላ ትንሽ መስቀል ነቀሰችብኝና፣ የቀረላቸውን ጠላ ጠጥተው ሄዱ።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ክንዴ ዳነ! ቅርፊቱ ወደቀ፣ መስቀሉ ልሙጥ ሆኖ አማረ። ሁዳዴ ሲገባ እንኳ ምንም አልነበረበትም። እመት በላይነሽ ሰምተው፣ እንግዲህ ምን ቀረ፣ ነቃሿ ትምጣ ብለው ላኩ። እናቴም ልጄ አትድረቂ ትለኝ ጀመር። ጎረቤቱም፣ ውኃ ቀጂውም፣ ሁሉም ክንዴን ካላየሁ ይላል። እኔ ግን ጆሮዬ መጀመሪያ ድኖ እንደነበር፣ ያበጠው ሁሉ ነገር ከተረሳ በኋላ እንደሆነ ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። እስከ ፋሲካ ብያለሁ፣ ከፋሲካ በፊት የለም አልኩ። እልኸኛ፣ ግትር፣ አፈንጋጭ የተባልኩት ያን ጊዜ ነው። ይበሉኝ!

ከሁሉ የከበደኝ ግርማ ነበር። ወፍጮ ቤት አግኝቶኝ ጆንያዬን አላነሣልኝም። እናቴን ለምን ታስቀይሚያታለሽ፣ ለጥቂት መርፌ ነው ይህ ሁሉ፣ ለእኔ ስትዪ እሺ በይ አለኝ። ለእኔ ስትዪ ሲል ልቤ ቅልጥ ብላ ነበር፣ አልደብቅም። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የሚወጋው የእሱ ፊት አይደለም።

“ግርማ፣ የጓሳ ሣር ሲከለከል ማጭድ ይዞ ‘ትንሽ ብቻ ልጨድ’ ያለ ሰው ይፈቀድለታል?” አልኩት።

“እሱ ምን አገናኘው?”

“ፊቴም ክልክል ነው። ቀኑ ሳይደርስ ማንም አይነካውም፤ አንተም ብትሆን።”

ጆንያዬን ራሴ አንሥቼ ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ነው ያለቀስኩት።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ክንዴ ማሳከክ ጀመረ። መጀመሪያ ቁንጫ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መስቀሉ ከፍ አለ፣ ቀላ፣ ጠነከረ። ፋሲካ ሲደርስ ጣት ቢያሳርፉበት ዓይነ ስውር እንኳ መስቀል መሆኑን ያውቀው ነበር። ለዶሮ ወጡ እመት በላይነሽ ከግርማና ከሽማግሌዎች ጋር ሲመጡ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ፊታቸው ቆምኩ። ይህ ጉንጬ ላይ ቢሆን ኖሮ አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ተሳስተን ነበር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ። እመት በላይነሽ የዚች ልጅ ሥጋ ደህና አይደለም፣ ለልጆቿም ታወርሳለች፣ ልጄን አልሰጥም ብለው ተነሡ። ግርማም ከኋላቸው ተነሣ። ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ምነው እሺ ባልኩ ብዬ አላውቅም። ከጊዜ በኋላ ያገባሁት ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጆሮዬን አስቀድሜ አሳይቼው፣ አይቶ ነው የጠየቀኝ።

ይህን ሁሉ ለትዕግሥት ስነግራት ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ተከራከረች። የአሁኑ ጥላሸት የለውም፣ ንጹሕ ነው፣ ዘመናዊ ነው አለችኝ። እሺ፣ የክትባትሽን ቦታ አሳዪኝ አልኳት። እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ትከሻዋ ላይ በሕፃንነቷ የተከተበችው ቦታ አብጦ የአተር ክክ ያህል ሆኗል፤ ለዚህ ነው ክረምት ከበጋ ረጅም እጅጌ የምትለብሰው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኛ ሥጋ ደግሞ ከሰውም ይብሳል። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ አታምኚኝ፣ ሐኪም እንጠይቅ አልኳት። በማግሥቱ አብረን ተሳፍረን ደብረ ብርሃን ወረድን።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የትዕግሥትን ፊት በመብራት አየች፣ ትከሻዋን አየች፣ የእኔንም ክንድና ጆሮ ሻሼን አስፈትታ አየች። ይህ እብጠት ኬሎይድ ይባላል፣ በዘር ይሄዳል አለችን። ከዚያ ለትዕግሥት እንዲህ አለቻት፦

“ይህ መርፌ ለብዙ ሰው ጠባሳ ይጠቅማል፤ ውሸት አይደለም። ያንቺ ቆዳ ግን ሲቆስል ከልኩ በላይ ይሠራል። ፊትሽ ላይ ይነሣል ብዬ አልምልም፣ አይነሣም ብዬም አልምልም። ከተነሣ ግን መመለሻው ከባድ ነው።”

ክንዷ ላይ ሞክረን ብናይስ ብዬ ጠየቅኋት፤ የራሴን ነገር አስቤ ነው። በወር ሁለት ወር ልሙጥ ሆነ ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ኬሎይድ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ደግሞም የክንድ ቆዳ ለፊት ዋስ አይሆንም አለችኝ። እየወጣ ያለ ብጉር ላይ መርፌ ማስኬድም ቁስሉን ማዛመት እንደሆነ፣ በቤትና በሳሎን ደግሞ ጨርሶ እንዳይታሰብ፣ እብጠቱንም በምላጭ ማስቆረጥ መልሶ እንደሚያባብሰው ነገረችን። መጀመሪያ ብጉሩ በመድኃኒት ይቁም፣ ከፀሐይ ተጠበቂ፣ ለትከሻሽ እብጠቱ ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ የፊትሽን ጠባሳ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን እናየዋለን አለች። ትዕግሥት ለሰርጌ ይደርሳል ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አይደርስም አለቻት።

ወደ ሞላሌ ስመለስም ከእኔ ጋር ነበረች፤ ዕቃዋን ሞላሌ ትታ ስለመጣች። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተጓዘች። እኔም ተውኳት፤ ፊት የሷ ነው፣ ኀዘኑም የሷ ነው። ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪናውን ሲውጠው፣ “ስለዚያ ስለ ግርማ አልቅሰሻል?” አለችኝ። አዎ፣ በጣም አልኳት።

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። እጮኛዋ ነው፣ ሐኪሟ ምን አለች ይላታል። ሰው የሞላበት መኪና ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ “መርፌ አይሆንልኝም ብላለች። ለሰርጉ ይኸው ያለው ፊቴ ነው የሚመጣው። የምታፍር ከሆነ አሁን ንገረኝ” አለችው። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ቄስ ዞር ብለው አዩን። እኔ የዚያን ልጅ መልስ ለመስማት ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ነው የተሰማኝ። ትንሽ አዳመጠችና ዘጋችው።

“ምን አለ?” አልኳት።

“‘እቴቴን ጣርማበር ላይ ትኩስ ነገር ጋብዣት፣ ብርድ ነው’ አለኝ።”

ደግ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ሌላ ነገር ብሏት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ስታለቅስ ሞላሌ ትደርስ ነበር እንጂ ወደ መርፌው አትመለስም ነበር። ያንን ያወቅሁት መልሱን ከመስማቴ በፊት ነው።